«ኦኬ» ያስጫነው ቡና

ጥር ላይ ነው። ጅማ በጥር ዝናብ አይጠበቅም፤ እሱ ግን መጣ። ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሸራ እስክናለብስ ድረስ ግማሹ ራሰ።

በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የጭነት መኪና ተላከ። እኔ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፤ እርጥበት መለኪያውም በእጄ ነው። ሦስት ጊዜ ለካሁ። 13.6፣ 13.4፣ 13.5። ቡና ከ12 በመቶ በላይ እርጥበት ይዞ ከከረመ ይሻግታል። አንዷን ፍሬ በጥርሴ ነከስኳት። ቀጭ ማለት ሲገባት ለስለስ ብላ ጥርሴን ዋጠችው።

ለአለቃዬ በቴሌግራም ጻፍኩላቸው፦ «መኪናው ደርሷል። እርጥበቱ 13 ተኩል ነው። ይጫን?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ኦኬ»።

ከበደኝ። ግን አለቃ ኦኬ ካለ አለ ነው። ለጫኞቹ አለቃ ነገርኩት። «ቶሌ» አለና፣ በኦሮምኛ እሺ ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን ጆንያ ትከሻው ላይ ጣለ።

ቡናው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ እዚያ ተለክቶ፣ «አንቀበልም» ተብሎ ተመለሰ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ።

«ኦኬ ያልኩህ እኮ አየሁት ለማለት ነው! ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ማን ጫን አለህ?»

«እርስዎ» አልኩ፣ በሆዴ። በአፌማ «ይቅርታ ጋሼ» ነው ያልኩት። የመልሱን የመኪና ኪራይ ማን እንደከፈለ አትጠይቁኝ።

ያን ቀን ማታ በንዴት ስለዚች ቃል ማንበብ ጀመርኩ። ለካ አወላለዷ ራሱ ቀልድ ነው! በፈረንጆቹ 1839 መጋቢት ላይ ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት የተባለ ጋዜጣ አተማት። ያኔ ቃላትን ሆን ብሎ አሳስቶ መጻፍና በመነሻ ፊደል ማሳጠር ፋሽን ነበር። «ኦል ኮሬክት»፣ ማለትም «ሁሉም ትክክል ነው»፣ በእንግሊዝኛ በኤ እና በሲ ነው የሚጀምረው። ቀልደኞቹ በኦ እና በኬ ጻፉት። «ትክክል ነው» የምትለው ቃል ራሷ ስህተት ናት ማለት ነው።

እንደ ሌሎቹ የዘመኑ ቀልዶች ትረሳ ነበር። በዓመቱ ግን የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለድጋሚ ምርጫ ቀረቡ። የትውልድ ቦታቸው ኪንደርሁክ ስለሆነ ደጋፊዎቻቸው «ኦልድ ኪንደርሁክ» እያሉ ይጠሯቸው ነበር። እሱም ሲያጥር ኦኬ ነው። ሰውየው ተሸነፉ፣ ቃሏ ቀረች። ይህን ሁሉ ከድሮ ጋዜጦች ፈልፍሎ ያወጣው አለን ዎከር ሪድ የተባለ የቋንቋ ተመራማሪ ነው፤ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ።

እኔን የያዘኝ ግን የቴሌግራፉ ነገር ነው። የቴሌግራፍ ሠራተኞች ኦኬ የሚሉት «መልእክቱ ደርሶኛል» ለማለት ነበር። ደርሶኛል እንጂ ተስማምቻለሁ አይደለም። አለቃዬ ሳያውቁት የድሮ ቴሌግራፈኛ ሆነውብኛል!

እኛስ ብንሆን? «እሺ» ስንል ሰማሁ ይሁን አደርጋለሁ ማን ይለየዋል? «እሺ ነገ» ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ እምቢ ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ተረት ለሽምግልና ያምራል፣ ለመጋዘን አይሆንም።

አሁን «ይጫን?» ብዬ ስጠይቅ የምቀበለው «ጫን» ወይም «አትጫን» ብቻ ነው። አለቃዬም ስቀው ተስማሙ። ባለፈው ሳምንት ግን ለጥያቄዬ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ላኩልኝ።

ጫኞቹን «ቆዩ» አልኩና ደወልኩላቸው።