ሱቅ ሳልከራይ፦ የጅማ በርጩማና ማር በቴሌግራም

መነሻ ብሬ መርካቶ አካባቢ ለአንዲት ጠባብ ሱቅ ኪራይ እንኳ አይበቃም ነበር። ስለዚህ ሱቁንም መጋዘኑንም ተውኩት። ዕቃው ባለቤቱ ዘንድ ይቀመጥ፣ እኔ ፎቶውን ይዤ ገዢ ልፈልግ አልኩ።

ያለሁት ጅማ ነው፤ እዚህ ለመሸጥ ሰው ቶሎ የሚያስበው ቡና ነው። ቡና ግን በብዛት ከአካባቢው ሲወጣ ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ ኬላ ላይም ይፈተሻል። እንደኔ ላለ ጀማሪ አይሆንም። ባለ ሦስት እግሩን በርጩማና ማርን መረጥኩ።

በርጩማ የሚጠርቡትን አባት "ጋሼ፣ ፎቶ ላንሳና ገዢ ሲገኝ መጥቼ ልግዛዎት?" አልኳቸው። "ፎቶ ምን ይቀንስብኛል? አንሺ እንጂ" አሉኝ። ውላችን ይኸው ነው። ገዢው ግማሹን ያስቀድማል፣ በዚያ ብር በርጩማውን እገዛለሁ፣ ቀሪውን መኪናው ሳይነሳ ይልክልኛል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ የባንክ ደብተር የሌለውም ሰው በስልኩ ይከፍላል።

ስክሪንሾት አይቼ ግን ዕቃ አልልክም። ስክሪንሾት ማንም ይሠራዋል። የጽሑፍ መልእክትም ቢሆን ሊመሳሰል ስለሚችል ገብቼ ቀሪ ሒሳቤን አያለሁ። አንዳንዱ ያኮርፋል። ያኩርፍ።

"ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚሉ ሻጮች ያናድዱኛል፤ እኔ ዋጋውን ከፎቶው ስር እጽፋለሁ። የመኪናውንም ለብቻው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በርጩማ ደግሞ ቦታ ይይዛል። ገዢ ይህን አስቀድሞ ሲያውቅ መናኸሪያ ላይ ጭቅጭቅ የለም። ዕቃው ሲጫን የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ እልካለሁ። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስና ጂጂ የሚባለው የኢንተርኔት መገበያያ ላይም በነጻ እለጥፋለሁ። አዲስ ሰው ከዚያ ይመጣል፣ ተመልሶ የሚገዛው ግን ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ያለው ነው።

በርጩማው ከአንድ ግንድ ስለሚጠረብ እርጥብ እንጨት ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በተለይ ቶሎ እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ከዋለ። ጥላ ስር ቀስ ብሎ የደረቀውን ብቻ እወስዳለሁ። ገልብጬ ሥሩንና እግሮቹን ሳላይ ፎቶ አላነሳም። የሥሩም ፎቶ ለገዢ ይሄዳል።

ራስ የሚያዞረው ማሩ ነው። አዲስ አበባ ከጅማ ትቀዘቅዛለች። እዚህ ፈሳሽ የነበረው ማር እዚያ ሲሰነብት ይረጋል፣ ስልኬም ይጮኻል፦ "እህት፣ ስኳር ቀላቅለሽበታል!" ንጹሕ ማርም ይረጋል። በውስጡ ያለው ግሉኮስ የሚባለው ስኳር በራሱ ጊዜ ክሪስታል ይሠራል፣ ብርድ ደግሞ ያፋጥነዋል። ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ነው፣ ይፈታል። እሳት ላይ ከተጣደ መዓዛው ይጠፋል። ይህን በድምፅ ቀድቼ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ጋር መላክ ከጀመርኩ ጀምሮ ስልኬ አረፈ። የረጋ ማር ስለሆነ ብቻ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም፤ ይህንንም እነግራቸዋለሁ። ቀላቅለው የሚሸጡ አሉ፣ ገዢ ቢጠራጠር አልፈርድበትም። ለዚህ ነው ከማውቃቸው አናቢዎች ውጪ የማልገዛው፣ ገበያ ላይ ቢረክስም።

ከትርፉ መጀመሪያ የገዛሁት ሚዛን ነው። "ኪሎው ጎደለ" የሚል አይጠፋማ። ባዶውን ጀሪካን አስቀድሜ መዝኜ፣ ከዚያ ማሩን ስሞላ ቪዲዮ ቀርጼ እልካለሁ። ክዳኑን በፕላስቲክ ጠቅልዬ በፕላስተር እጠመጥመዋለሁ። ረዳቱንም "ወንድሜ፣ አቁመህ ጫንልኝ" እላለሁ፤ ከተጋደመ የሌላውን ሰው ሻንጣ ሁሉ ማር ያደርገዋል።