ግራጫው ሰማያዊ የሆነበት ቀን

ሥራዬ ቀለም ቅብ ነው። የምሠራው አሜሪካ፣ ጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ አካባቢ ነው። ይህን የምጽፈው ቤት ገዝታችሁ ከውጭ ምን ቀለም እንቀባው እያላችሁ ለምትጨነቁ ነው። የእኔን ስህተት እንዳትደግሙት ከልቤ እፈልጋለሁ።

ደንበኞቼ ዲካልብ ካውንቲ ውስጥ ቤት የገዙ የእኛው ሰዎች ነበሩ፤ በዕድሜ ጠና ያሉ ባልና ሚስት። ቤቱ በ1958 እ.ኤ.አ. የተሠራ የጡብ ራንች ነው። ራንች የሚሉት ፎቅ የሌለው፣ ወደ ጎን የተለጠጠ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ቤት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ ውስጥ እንደ ጉድ ተሠርቷል። ጆርጂያ ውስጥ ደግሞ ብዙው ጡብ ለብሷል። የእነሱ ጡብ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቀይ ነበር፤ እዚህም እዚያም ቡኒ ጣል ጣል ብሎበታል። እኔ ገና ሳየው ወደድኩት። እነሱ ግን "ያረጀ መሰለብን" አሉ።

ጡቡን ሳንነካ የጣሪያውን ጠርዝ፣ አሸንዳውን፣ የመስኮቶቹን ዙሪያና በሩን ልቀባ ተስማማን። ጋሼ "ባለሙያው አንተ ነህ፣ የሚሆነውን አንተ ምረጥ" አሉኝ።

በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ግራጫ ነበር። እኔም ከዚያ በፊት ሌላ ቤት ላይ ያማረልኝ ግራጫ ነበረኝ። ቀለም መሸጫው ሄድኩ፣ በሱቁ መብራት ካርዱን አየሁ፣ አስበጠበጥኩ፣ መጣሁ። ካርዱን ጡቡ አጠገብ አላስጠጋሁትም። ናሙናም ግድግዳው ላይ አልሞከርኩም።

በሌላው በኩል ግን ጥንቃቄ አድርጌያለሁ። አሜሪካ ውስጥ እርሳስ (ሊድ) የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ቤት ሳይመረመር አይፋቅም። መረመርኩ፣ ነፃ ሆነ፣ ፋቅሁ፣ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን ፕራይመር ቀባሁ። ሁለተኛው ቀን ሲያበቃ የጣሪያው ጠርዝና አሸንዳው አልቀዋል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ቡና ይዘውልኝ ወጡ። ሣሩ ላይ ቆመው ቀና አሉና ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ ግራጫ አልነበር ያልከን? ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው" አሉኝ።

ወርጄ ከእሳቸው አጠገብ ቆምኩ። እውነታቸውን ነው። ካርዱን ከኪሴ አወጣሁ። መዳፌ ላይ ግራጫ ነው። ጡቡ ላይ ስለጥፈው ሰማያዊ ሆነ። ሳነሳው መልሶ ግራጫ።

ይህ ነገር ከጥንት የታወቀ ነው። ሼቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ፓሪስ በሚገኘው የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ሲመጣበት መረመረ። ክሩ ምንም አልሆነም፤ መልኩን የቀየረው አጠገቡ ያለው ቀለም ነው። ግኝቱን በ1839 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ብርቱካንማ ነገር አጠገቡ ያለውን ግራጫ ወደ ሰማያዊ ይገፋዋል። እኔ ለዓመታት ብሩሽ ይዤ ኖሬ ይህን ከወረቀት በላይ አላወቅሁትም ነበር።

ጋሼ ወጡ፣ አዩ፣ ተናደዱ። "በቃ ጡቡንም ነጭ ቀባውና ተገላገለን!" አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር። ለእኔ የብዙ ቀን ሥራ ነው። ስህተቴም ይሸፈንልኛል። ግን የቤቱ ጀርባ ትዝ አለኝ።

"ጋሼ፣ አንዴ ይምጡ" ብዬ ወሰድኳቸው። ከኋላ፣ ጓሮ መውጫው አጠገብ፣ የቀድሞው ባለቤት አንዱን ግድግዳ ክሬም ቀብቶታል። ከላይ ያለው አሸንዳ ያፈስሳል። ቀለሙ እንደ ቆዳ ተልጧል። በጣቴ ነካ ሳደርገው የጡቡ ፊት ራሱ እየተፈረፈረ ወረደ።

ጡብ ውሃ ይጠጣል፣ ከዚያ መልሶ ይተነፍሰዋል። ተራው የውጭ ቀለም ላዩ ላይ እንደ ላስቲክ ከተዘረጋ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ጨው ይዞ ከቀለሙ ሥር ይከማቻል። በብርድ ወደ በረዶ ሲለወጥ ደግሞ ይገፋል። የተገፋው ጡብ ፊቱን ይጥላል። ጡብ ጭራሽ አይቀባም እያልኩ አይደለም፤ ኖራ አለ፣ የሚያስተነፍስ የማዕድን ቀለምም አለ። ግን አንዴ ከተቀባ ወደ ነበረበት መመለስ በጣም ከባድ ነው። በአሸዋ ግፊት ልፋቀው ካላችሁ በእሳት የጠነከረው የጡቡ ቆዳ አብሮ ይሄዳል። ጋሼ ፍርፋሪውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ። ስለ ነጭ ዳግመኛ አላነሱም።

በማግስቱ እንደ አዲስ ጀመርኩ። መጀመሪያ የፊቱን ጡብ በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ውሃ አጠብኩት። የብዙ ዓመት አቧራ ሲወርድ እትዬ "ይሄ ነው እንዴ ያረጀው?" አሉ። ከዚያ ትልልቅ ሰሌዳዎች የተለያየ ቀለም ቀብቼ ጡቡ ላይ አስደገፍኩ። ጠዋት አየናቸው፣ እኩለ ቀን አየናቸው፣ ሲመሽም አየናቸው። ጥላ ወደሚበዛበት ወደ ሰሜኑ ግድግዳም ወሰድናቸው። ሁለት ቀን ፈጀብን።

ጡቡ፣ ጣሪያውና በጡቦቹ መሃል ያለው ሲሚንቶ የማይቀየሩ ናቸው። ሌላው ቀለም ከእነሱ ጋር መስማማት አለበት። ሲሚንቶው የአሸዋ መልክ ነበረው፤ የመስኮቱን ዙሪያ ከእሱ ወሰድን። ጣሪያው ቡኒ ነው፤ ጠርዙንና አሸንዳውን ጠቆር ያለ ቡኒ አደረግነው። እዚያ ላይ ደማቅ ነጭ ቢሆን ዓይን የሚያየው መስመሩን ብቻ ነው። ጠቆር ሲል ግን እንደ ጥላ ወደኋላ ይላል፤ ዝቅ ያለው ቤት ይበልጥ ይረዝማል። በእነዚህ ቤቶች የምወደውም ይሄንኑ ርዝመት ነው።

በሩን እትዬ መረጡ። "አደይ አበባ ይምሰልልኝ" አሉ። ልክ የአደይ ቢጫ ከዚያ ጡብ ጋር ይጮኻል ብዬ ፈራሁ። ወደ ሰናፍጭ የሚያደላውን ሰሌዳ አሳየኋቸው፤ እሱንም አደይ ብለው ተቀበሉት። የ1950ዎቹን ቤትም በጣም ያምርበታል።

የሁለተኛውን ዙር ቀለምና ጉልበት ከኪሴ ቻልኩ። የኋላውን አሸንዳ ጠግነን የለቀቀውን ቀለም ብቻ አነሳን። ያ ግድግዳ ዛሬም ዝንጉርጉር ነው። ከእሱ የወደቀች አንዲት የጡብ ስባሪ መኪናዬ ውስጥ አለች። ጡቤን ነጭ ቀባልኝ የሚል ሰው ሲመጣ ዋጋ ከመናገሬ በፊት እሷን አስይዘዋለሁ።