«እናያለን» የምትል ቃል

ቢሮአችን ውስጥ የትልልቅ ለጋሾች ስም የሚመዘገብበት አንድ ሠንጠረዥ አለ። ከዓመታት በፊት ከሠንጠረዡ ሳጥኖች በአንዷ ውስጥ «ቃል ገብተዋል» ብዬ ጻፍኩ። ሁለት ቃል። ያበላሸሁትን ለማስተካከል ስምንት ወር ፈጀብኝ።

የምሠራበት ግብረ ሰናይ ድርጅት እግራቸውን ላጡ ሕፃናት የማገገሚያ ማዕከል ሊገነባ ተነሥቶ ነበር። እኔ ገቢ ማሰባሰቢያ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሥራውን ያወቅሁት መስሎኛል። ሰው ትልቅ ስህተት የሚሠራው ደግሞ እንዲህ ሲመስለው ነው።

ከውጭ ለሚያይ ሰው የገንዘብ ማሰባሰብ ዘመቻ የሚጀመረው ባነር ሲሰቀል ነው። እውነቱን ለመናገር ባነሩ ሲሰቀል የሥራው ትልቁ ክፍል አልቋል። ከዚያ በፊት ድምፅ ሳይሰማ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ጥቂት ትልልቅ ለጋሾች አንድ በአንድ ይጠየቃሉ። ከግቡ ግማሹ፣ አንዳንዴም እስከ 70 በመቶው በእነሱ ቃል ከተሸፈነ በኋላ ነው ለሕዝብ የሚነገረው። ባዶ ሣጥን ውስጥ ቀድሞ እጁን የሚከት ሰው ብዙ አይደለም። የሞላ ሲያይ ግን ሁሉም ይጨምራል።

ስጦታዎቹም እንደ ፒራሚድ ይደረደራሉ። ከታች ብዙ ትንንሽ፣ መሐል ላይ ጥቂት መካከለኛ፣ አናቱ ላይ አንድ ትልቅ። የእኛ አናት ከግቡ 20 በመቶ ነበር። ለአንድ ትልቅ ስጦታ ቢያንስ ሦስትና አራት ሰው ታስቦ መያዝ እንዳለበት ተምሬአለሁ፤ ሁሉም እሺ አይልማ። እኛ የያዝነው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ትልቅ ፋብሪካ ሲመሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሽማግሌ።

እሳቸው ዘንድ የሄድኩት 40 ገጽ ፕሮፖዛል ጠርዤ ነው። ሽፋኑ ላይ የሕንፃው ሥዕል በቀለም አለ። መግቢያው ላይ ስማቸው በትልቁ ይታያል። እንዲያ ብናደርገው ደስ ይላቸዋል ብለን ለአርክቴክቱ የነገርነው እኛው ነን። ቁጭ ብዬ ማውራት ጀመርኩ። አርባ ደቂቃ ያህል አወራሁ። እሳቸው ዝም ብለው ይሰማሉ። መሐል ላይ አንዴ ብቻ አቋረጡኝ።

«ልጆቹ ዕድሜያቸው ስንት ነው?»

«ከ3 እስከ 15» አልኩና ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ።

ሲሸኙኝ በሩ ላይ እጄን ያዙኝ። «ጥሩ ሥራ ነው። በርቱ። እናያለን።»

«እናያለን» ጉደኛ ቃል ናት። «እሺ» ልትሆን ትችላለች። «አይሆንም» ልትሆን ትችላለች። «በቃ አሁን ሂድልኝ» ማለትም ትሆናለች። ትርጉሟን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ሰሚው ነው። እኔ ደግሞ መስማት የምፈልገውን ሰምቼ ወጣሁ። ቢሮ ገብቼ ሠንጠረዡን ከፈትኩና የዘመቻውን 20 በመቶ አስገባሁ።

ዳይሬክተሯ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። ቃል በቃል ምን እንዳሉ አልጠየቀችኝም። ጠይቃኝ ቢሆን ኖሮ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ይሄን የምለው ጥፋቱን ለማካፈል ከሆነ አያምርብኝም።

ከዚያ ነገሩ በራሱ ሮጠ። ቦርዱ 62 በመቶ ደርሰናል ተብሎ ተነገረው። ዘመቻው ለሕዝብ ይከፈት ተባለ። የደረስንበትን የሚያሳይ ትልቅ ሰሌዳ አቆምን። ሰሌዳ የማቆም ነገር አዲስ አይደለም። ቻርልስ ሰምነር ዋርድ የተባለ የወወክማ ሰው እ.ኤ.አ. በ1905 ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ለማኅበሩ ሕንፃ ገንዘብ ሲያሰባስብ ስንት እንደተገኘ የሚያሳይ ትልቅ ሰዓት ተጠቅሟል። አጭር ቀነ ገደብና ሁሉም የሚያየው ቁጥር። ያ ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ይሠራል። የሚሠራው ግን ቁጥሩ እውነት ሲሆን ነው። የእኛ 62 ውስጥ 20ው «እናያለን» ነበረች።

ብሮሹሩም የሕንፃውን ሥዕል ከነስማቸው ይዞ ታተመ። አንድ ቅጂ ለሽማግሌው ላክንላቸው። ላኪው እኔ ነኝ። ደስ እያለኝ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር፤ አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ይሄ በሩ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ እንዲህ ብያለሁ?»

ያን ያህል ረጅም ዝምታ ስልክ ላይ ሰምቼ አላውቅም። ያስረዘምኩት እኔው ነኝ።

ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ስሄድ ኮሪደሩ አላልቅ አለኝ። ነገርኳት። አልጮኸችም። ወረቀቷን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «እንግዲህ ሰሌዳውን እናወርደዋለን» አለች። ከ62 ወደ 42፣ በአደባባይ!

ሁሉም አልተስማማም። አንድ የቦርድ አባል ነገሩን ዝም እንበለው፣ ሌላ ሰው ፈልገን ክፍተቱን እንድፈን አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ ያንን ነበር የምመኘው። እሷ ግን በፍጹም አለች። «ሰሌዳውን አይቶ የሰጠ ሰው አለ። 62 ነው ብለነው ነው የሰጠን። በ42 ይሰጥ እንደነበር በምን እናውቃለን?» ስለዚህ ቃል ለገቡት ሁሉ ደብዳቤ ጻፍን። የተሳሳትነው እኛ ነን፣ ሽማግሌው ቃል አላጠፉም፣ ገንዘብዎን መልሱ ካሉን እንመልሳለን የሚል። ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ነው የመለሰችብኝ። ሦስቴው «አለመግባባት ተፈጥሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስለነበረበት ነው። አለመግባባት አልተፈጠረም፤ አንድ ሰው በትክክል አልሰማም።

ደብዳቤው ከሄደ በኋላ አንድ ለጋሽ ቃሉን ሰረዘ። ሌላው ደውሎ ስጦታውን ጨመረ። ለምን እንደጨመረ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ ዳይሬክተሯ ወደ ሽማግሌው ተመለስ አለችኝ። «ወረቀት እንዳትይዝ። ይቅርታ ጠይቀህ ና። ስለ ገንዘብ ትንፍሽ እንዳትል።»

ባዶ እጄን ሄድኩ። ያለ ፕሮፖዛል እጅ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋል። ይቅርታዬን ተቀበሉና ዝም አሉ። እኔም እንደ ምንም ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ጀመሩ።

«ያን ጊዜ የልጆቹን ዕድሜ ጠይቄህ ነበር። ለምን እንደጠየቅሁህ ገብቶሃል?»

አልገባኝም ነበር።

«እኔ በሕይወቴ ብዙ ማሽን ገዝቻለሁ። መግዛቱ ቀላል ነው። መለዋወጫ ያጣ ማሽን ግን ብረት ነው። ለአምስት ዓመት ልጅ እግር ትሠሩለታላችሁ። ልጁ ያድጋል፣ እግሩ አያድግም። በሚቀጥለው ዓመት ማን ይቀይርለታል?»

ቢሮ ተመልሼ 40ውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ መስታወቱ ዓይነት አንድ ሙሉ ገጽ አለ። ስለዚህ ጉዳይ ግን «ጥገና» የምትል አንዲት መስመር ብቻ።

የሰው ሠራሽ እግር ባለሙያችን ዘንድ ወርጄ ጠየቅሁት። «አንድ ልጅ አድጎ እስኪያበቃ ስንት እግር ያስፈልገዋል?» እኔ ሁለት ወይም ሦስት ብዬ ገምቻለሁ። ሳቀብኝ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ በዓመት አንዴ ገደማ ይቀየርለታል፤ ቶሎ የሚያድግ ከሆነ ከዚያም በፊት። በአምስት ዓመቱ የጀመረ ልጅ አሥር አልፎም ሊሄድ ይችላል። ባለሙያው ይሄን ሁልጊዜ ያውቀዋል። ሁለት ፎቅ ከእኔ በታች ነው የሚሠራው። ጠይቄው አላውቅም።

ከዚያ ወዲያ ነው ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት መፈለግ የጀመርኩት። የማክዶናልድስን ሥራ ያስፋፉት የሬይ ክሮክ ባለቤት ጆአን ክሮክ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያርፉ ሳልቬሽን አርሚ ለሚባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተናዘው ነበር። በየከተማው የማኅበረሰብ ማዕከላት እንዲሠሩበት ነው። ገንዘቡ ግን ሁሉ ለግንባታ አይደለም። ግማሹ ሳይነካ የሚቀመጥ ቋሚ ፈንድ ነው፤ የሚያስገኘው ትርፍ ማዕከላቱን እንዲያግዝ። እሱም ብቻውን ስለማይበቃ የየአካባቢው ሰው ተጨማሪ ማዋጣት ነበረበት። ያ ሁሉ ገንዘብ ይዘው እንኳ ነገ ምን ይሆናል ብለው አስበዋል። እኛ ግን ሕንፃውን ብቻ ነበር የምናየው።

ሽማግሌውን በር ላይ ስለሚጻፈው ስም ነገርም ጠየቅኳቸው። «ስሜ ያስፈልገኛል፤ አትውሰዱብኝ» ብለው ሳቁ። ለካ ስምን በር ላይ መጻፍ ሁሉም የሚመኘው ነገር አይደለም። የዲዩቲ ፍሪ ሱቆች ባለሀብት የነበሩት ቸክ ፊኒ ወደ 8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሰጡ አንድም ሕንፃ በስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም፤ ሰጪው እሳቸው መሆናቸው በይፋ የታወቀው እንኳ እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። በሌላ በኩል ስም ሰጥተው የተቸገሩም አሉ። የኒውዮርኩ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሊንከን ሴንተር እ.ኤ.አ. በ1973 ኤቨሪ ፊሸር ከተባሉ ለጋሽ ለኮንሰርት አዳራሹ 10.5 ሚሊዮን ዶላር ተቀብሎ አዳራሹን ለዘለዓለም ብሎ በስማቸው ሰየመ። አዳራሹ ሲያረጅ ማደሻ የሚሰጥ አዲስ ለጋሽ አስፈለገ። ስሙ ግን ተይዟል። እ.ኤ.አ. በ2014 ቤተሰቡ ስሙን እንዲለቅ 15 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ከተቀበሉት በላይ መሆኑ ነው፤ የዋጋ ንረቱን ብንተወው። በዓመቱ የሙዚቃና የፊልም ባለሀብቱ ዴቪድ ጌፈን 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥተው አዳራሹ በእሳቸው ተጠራ። ይሄን ሳነብ ለአርክቴክቱ የሰጠነው ትእዛዝ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን አፈርኩ።

ባጭሩ ዕቅዱን ከለስነው። ሕንፃው አንድ ፎቅ ቀነሰ። በተረፈው ገንዘብ የልጆቹ እግር የሚቀየርበት ቋሚ ፈንድ ተቋቋመ። አርክቴክቱ አኮረፈ፣ ባለሙያው ደስ አለው። ሽማግሌው በስምንተኛው ወር ራሳቸው ደወሉ። የሰጡት እኔ የጻፍኩትን 20 በመቶ አይደለም፤ 14 ነው። በአምስት ዓመት የሚከፈል፣ ሁሉም ለፈንዱ። ሰነዱን ራሳቸው አስተካክለው፣ በየትኛው ወር ስንት እንደሚገባ ጽፈው ፈረሙ። ስማቸው የትም የለም። በዚያ ቀን ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ሰነዱን ሁለቴ አንብቤ ነው።

ሠንጠረዡ ላይም አንድ ዓምድ ጨመርን። «የተናገሩት፣ ቃል በቃል» ይላል። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ «እናያለን» ተጽፏል። አልሰረዝኩትም።

ባለፈው ወር አዲሷ ባልደረባችን ከጉብኝት እየሮጠች ገባች። «ሰውየው ተስማምተዋል!»

«ምን አሉ?»

«ችግር የለም አሉ።»

«በይ እንግዲህ» አልኳት፣ «ችግር የለም ብለሽ ጻፊ።»