የቆረጥኳቸው 32 ገጾች

ሥራዬ አርታኢነት ነው። የልብ ወለድ ረቂቅ ይመጣልኛል፤ አነባለሁ፣ አርማለሁ፣ የተንዛዛውን እቆርጣለሁ። ከቆረጥኳቸው ነገሮች ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንድ አለ።

መጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ነበር። ደራሲዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ባሏን በመኪና አደጋ ያጣች የ34 ዓመት ሴት ናት። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከአደጋው አይደለም፤ ሙት ዓመቱ ካለፈ በማግስቱ ነው። ጥቁሯን አውልቃለች። እድሩ ድንኳኑን ከነቀለ ቆይቷል። ጎረቤቱም "አሁንማ ተጽናናች" ብሎ ወደ ጉዳዩ ተመልሷል።

እዚያ ጋ መጀመራቸውን በጣም ወደድኩት። እኛ ለኀዘን ቀን ቆርጠንለታል። ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። እስከዚያ ድረስ ሰው ይመጣል፣ ያጫውታል፣ እንጀራ ይዞ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ግን ስም የለውም። መምህርቷ የጻፉት ስለዚያ ስም ስለሌለው ጊዜ ነበር።

አንድ ነገር በተለይ አልረሳም። ሴትዮዋ ወር በገባ ቁጥር ሱቅ ወርዳ የ10 ብር ካርድ ትገዛለች። የምትሞላው ለራሷ አይደለም። ኮመዲኖው መሳቢያ ውስጥ ለተቀመጠው ለባሏ ስልክ ነው። ቁጥሩ እንዳይዘጋ። ተዘግቶ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ። አንድ ቀን አላስችል ብሏት ስትደውል የማታውቀው ወንድ "ሃሎ" እንዳይላት።

ረቂቁ 272 ገጽ ሆነ። ማተሚያ ቤት በፎርም ነው የሚቆጥረው፤ አንድ ፎርም 16 ገጽ፣ ይህ ማለት 17 ፎርም። ብዙዎቹ ደራሲዎቻችን ማሳተሚያውን ከኪሳቸው ነው የሚከፍሉት፤ መምህርቷም እንደዚያው። ወረቀት ደግሞ ተወዷል። ሁለት ፎርም ብንቀንስ ይቀላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ምዕራፍ ዘጠኝና አሥርን አወጣሁ። 32 ገጽ።

እነዚህ ሁለት ምዕራፎች ውስጥ ምንም አይሆንም። ሴትዮዋ ደብረ ብርሃን ወንድሟ ጋ ትሄዳለች፣ ብርድ ይመታታል፣ ትመለሳለች። የባሏን ጫማ ለዘበኛው ትሰጥና በነጋታው እግሩ ላይ ስታየው ፊቷን ታዞራለች። አንድ ሌሊት ሳታውቀው አልጋው መሀል ላይ ተኝታ ታድራለች። ገጹ ዳር ላይ "ታሪኩ ቆሟል" ብዬ ጻፍኩ። ምዕራፍ ስምንት ላይ ታለቅሳለች፤ ቀጥሎ የቁም ሳጥኑን በር ሊጠግን የመጣው አናጺ ጋ ትስቃለች። ፈጣን ሆነ። ጥሩ የሠራሁ መሰለኝ።

መምህርቷ ሲያዩት ዝም አሉ። ከዚያ "ልጄ፣ የዳነችው እኮ እዚያ ውስጥ ነው" አሉኝ።

"አንባቢው ራሱ ይገባዋል፣ እትዬ" አልኩ። ገንዘቡን አሰቡና ተስማሙ። ያን ጊዜ ፊታቸውን በደንብ ማየት ነበረብኝ።

የማተሚያው ሰሌዳ፣ ፕሌቱ፣ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሌይአውት የምትሠራው ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ሥራዋ ገጽ ማቀናጀት ነው፤ ማንበብ አይጠበቅባትም። ግን አንብባዋለች።

"ጋሼ፣ ስልኩስ?" አለችኝ።

"የምን ስልክ?"

"የባሏ። ካርድ መሙላቱን መቼ ነው የተወችው? ፈልጌ አጣሁት።"

የተቀነሰ ምዕራፍ ውስጥ እንደነበር ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ግን አልሄደችም። የጠረጴዛዬን ጠርዝ በጣቷ እየዳሰሰች ቆመች።

"እናቴ የአባዬን እስካሁን ትሞላለች" አለች። "እንዴት እንደሚቆም ለማየት ፈልጌ ነው።"

የምላት ነገር አልነበረኝም።

ማታ ቤት ገብቼ ያወጣኋቸውን ገጾች እንደ አዲስ አነበብኳቸው። ሴትዮዋ ካርድ መሙላቱን አትተወውም። ትረሳዋለች። ወሩ አልቆ ሌላው ከተጋመሰ በኋላ ድንገት ትዝ ይላታል፤ ደንግጣ ወደ ሱቅ ትሮጣለች። መንገድ ላይ ቀስ ትላለች። ሱቁ ጋ ስትደርስ ዳቦ ገዝታ ትመለሳለች። በቃ፣ ይኸው ነው። እኔ "ታሪኩ ቆሟል" ያልኩት እዚህ ላይ ነው።

ለምን እንዳላየሁት ሳስብ ያደግኩበት ትዝ አለኝ። ፍቅር የተማርኩት በሬዲዮ ነው። በ1958 የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው አፌን ከፍቼ ያደመጥኩ ልጅ ነኝ። በዛብህና ሰብለ ወንጌልን አልቅሼላቸዋለሁ፣ አሁንም እወዳቸዋለሁ። ግን ትልቅ ፍቅር ማለት የሚገድል ፍቅር ነው ብሎ ጆሮዬ ለመደ። ከሞት የተረፈ ሰው ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ ታሪክ አልመሰለኝም። እስክርቢቶዬ የሚሮጠው ወደ ልቅሶው ወይም ወደ ሠርጉ ነው።

ጠዋት በሁለት ሰዓት ለመምህርቷ ደወልኩ። "እትዬ፣ አጥፍቻለሁ" አልኩ። "ሁለቱም ምዕራፎች ይመለሱ።"

ትንሽ ቆይተው "ብሩስ?" አሉ።

መጨረሻ ላይ 20 ገጽ የፈጀ ሠርግ ነበር። ሚዜው፣ ሽማግሌው፣ ዘፈኑ፣ ምኑ ቅጡ። እኔ በመጀመሪያው ንባብ አንዲት መስመር አልነካሁበትም ነበር። አብረን ተቀምጠን አራት ገጽ አደረግነው። 16 ፎርም ሆነ። "አንዷን ፎርም እችላታለሁ" አሉ መምህርቷ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ሰማሁ።

ሌይአውቱን ያቺው ልጅ እንደገና ሠራችው። ሁለት ሌሊት አመሸች፤ አላማረረችም። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእሷ ሰጠሁ፤ ለእናቷ ወሰደችው።

ከወራት በኋላ ስለ እናቷ ጠየቅኳት። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብበውታል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ገጹን አጥፈውታል። ካርዱን አሁንም ይሞላሉ።