ሦስተኛው የአትክልት ዓመታችን በኤድመንተን፦ ጎመኑን እስከ ፋሲካ ለማድረስ

ባለቤቴና እኔ በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ፣ ከመኖሪያችን አጠገብ በተከራየናት 3 ሜትር በ6 ሜትር በሆነች ቁራሽ መሬት ላይ አትክልት ማልማት ከጀመርን ሦስት ዓመት ሆነን። ስለ መትከሉ ከእኔ የተሻለ የምታውቁ ብዙዎች ስላላችሁ፣ እኔ የማካፍለው በአብዛኛው ሰብሉን ለብርዱ ወራት ለማቆየት ስንሞክር የተበላሸብንንና የተሳካልንን ነው። ወራቱን የምጠቅሰው በእኛ አቆጣጠር ነው።

እዚህ ውርጭ የማይፈራበት ጊዜ ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ብቻ ስለሆነ፣ አገር ቤት አደይ አበባ ሲፈነዳ እኛ ማታ ማታ ቲማቲሙን በአሮጌ አንሶላ እንሸፍናለን። ቀኑ ግን ረጅም ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ 17 ሰዓት ያህል ትቆያለች። ይህን በረከት ብቻ አድርገን ቆጥረነው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ግንቦት ላይ የዘራነው የአበሻ ጎመን፣ ሰኔ ሳያልቅ አገዳ አውጥቶ ቢጫ አበባ ሲያፈነዳ ነው የነቃነው። ጎመን ቀኑ ሲረዝምበት ቅጠል ማሳደጉን ትቶ ወደ ዘር ይሮጣል፤ የቀረው ቅጠልም ቢቀቅሉት የማይበስል ገመድ ይሆናል። አሁን ሁለት ጊዜ እንዘራለን፤ የመጀመሪያውን ገና ለጋ ሳለ ቀጥፈን እንበላዋለን፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ የምንዘራውን ደግሞ ቀኑ እያጠረ ሲሄድ ስለሚያድግ ለማቆያ እናውለዋለን። እንደ ቁንጫ የምትዘለውን ጥቁር ጥንዚዛ ለመከላከል ከዘራንበት ቀን ጀምሮ በስስ ነጭ ጨርቅ መሸፈን ግድ ሆኖብናል።

በመጀመሪያው ዓመት ጎመኑን አጥበን፣ ከትፈን፣ እንዲያው ጥሬውን ፍሪዘር ውስጥ ከተትነው። ጥር ላይ አውጥተን ስንሠራው ሽታው የድርቆሽ ነበር፤ ባለቤቴ አንድ ጉርሻ ቀምሶ፣ «ይኼ ለበሬ ነው እንጂ ለሰው አይደለም» አለኝ። ምክንያቱን ቆይቼ ነው የተረዳሁት፦ ቅጠሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች (ጣዕሙንና ሽታውን የሚለውጡት ንጥረ ነገሮች) በቅዝቃዜ ይዘገያሉ እንጂ አይቆሙም፤ የሚያቆማቸው ሙቀት ነው። ስለዚህ አሁን በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ልክ 3 ደቂቃ አቆይተን፣ ወዲያው በረዶ ወዳለበት ውሃ እንገለብጠዋለን። ከዚያ መጭመቁ የባለቤቴ ድርሻ ነው፤ እፍኝ እፍኙን እየያዘ፣ አረንጓዴው ውሃ በክርኑ እስኪወርድ ድረስ እንደ ታጠበ ነጠላ ይጠመዝዘዋል። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንደ መጽሐፍ ጠፍጥፈን ስናስተኛው ቦታም አይፈጅም፣ ቆርሶ ለማውጣትም ይመቻል። ዘንድሮ 22 ከረጢት ሞልተን፣ ዛሬ በጥር አጋማሽ 13 ቀርቶናል።

ከሁሉም በላይ ያከራከረን ቲማቲሙ ነው። የእኔ ሐሳብ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ያለበትን ስልስ እንደ ሠራሁት በጠርሙስ አሽጌ መደርደሪያ ላይ ማቆየት ነበር። ባለቤቴ እምቢ አለ፤ ልክም ነበር። ቦቱሊዝም የሚባለውን የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘሩ ውሃ ሲፈላ አይሞትም፤ አየር በሌለበትና አሲድ ባነሰበት ጠርሙስ ውስጥ ይራባል፣ ምግቡም ሽታው ሳይለወጥ ሊመርዝ ይችላል። ሽንኩርቱ አሲዱን ስለሚቀንሰው ስልሱ ወደ ፍሪዘር ሄደ። በጠርሙስ የምናሽገው ተልጦና ተጨፍልቆ የፈላ ቲማቲም ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ እንጨምርበታለን፤ ከዛፍ የተቀጠፈ ሎሚ አሲዱ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ስለሚል አንጠቀምበትም። ጠርሙሶቹ በፈላ ውሃ ውስጥ የሚቆዩት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ ቦታ 45 ደቂቃ ቢሆንም፣ ኤድመንተን ከባሕር ጠለል በላይ 670 ሜትር ገደማ ስለሆነች 50 እናደርገዋለን። ከፍታ ላይ ውሃ በአነስተኛ ሙቀት እንደሚፈላ፣ አዲስ አበባ ላይ ባቄላ ቀቅሎ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ካሮቱን አምና እርጥብ አሸዋ በሞላበት ባልዲ ቀብረን ጋራዥ ውስጥ አስቀመጥነው፤ ታኅሣሥ ላይ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ሲገባ ባልዲው ሙሉ በሙሉ ድንጋይ ሆነ፣ ሲቀልጥም የተረፈን ብርቱካናማ ልቁጥ ነበር። ዘንድሮ ባልዲውን ቤዝመንት አውርደን ከውጪው ግድግዳ ሥር፣ ቴርሞሜትር አጠገቡ ሰክተን አኖርነው፤ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ያሳያል። ትናንት ለአልጫ ያወጣኋቸው አራት ካሮቶች ሲሰበሩ ቀጭ ይሉ ነበር፤ አንዱ ግን ጫፉ ላይ ነጭ የፀጉር ሥር ማብቀል ጀምሯል፣ ስለዚህ ባልዲውን ነገ ወደ ግድግዳው ይበልጥ ልናስጠጋው ነው።