የውጆ ዕለት በቸሃ

ተወልጄ ባደግሁበት በጎጃም ኮባ የምንለው እንሰት ከቅጠሉ በቀር ለምግብ የሚሆን ነገር ይኖረዋል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። በየጓሮው አንድ ሁለት እግር ይተከላል፤ ድፎ ዳቦ በሚጋገርበት ቀን ቅጠሉ ተቆርጦ ሊጡ ይጠቀለልበታል፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው በዓል ድረስ የሚያስታውሰው የለም። ግንዱና ሥሩ የሚበላ መሆኑን የተረዳሁት አዲስ አበባ ገብቼ ከአንዲት የጉራጌ ተወላጅ ጋር በአንድ ግቢ መኖር ስጀምር ነው። እርሷ ቆጮ በሳህን ትልክልኛለች፤ እኔ ሳህኑን ሽሮ ወይም ቆሎ አድርጌበት እመልሳለሁ፤ እንዲህ ሆኖ ያ አንድ ሳህን ባዶውን ሳይመለስ ስድስት ዓመት ተመላልሷል። ባለፈው ጥር፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ “እናቴን ልጠይቅ ልሄድ ነው፤ የምትበዪው ቆጮ ከምን እንደሚመጣ አብረሽኝ ሄደሽ እዪ” አለችኝ። እኔም ድፎ ጋገርሁ፤ እናቴ ከጓሮዋ የላከችልኝን የበሶብላ ዘር በጨርቅ ቋጥሬ ተከተልኋት።

ከአየር ጤና ተነሥተን ሰበታንና ቱሉ ቦሎን አለፍን። የበቾ ሜዳ ጤፉ ታጭዶ፣ በጥቁሩ መሬት ላይ ሽምብራው አረንጓዴ ሆኖ ስለነበር፣ ከመንገድ ዳር እሸት ገዝተን ወሊሶ እስክንደርስ ስንፈለፍል ቆየን። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚያ በጉራጌ ቸሃ ወረዳ ወዳለችው እምድብር በሚወስደው መንገድ ተጉዘን፣ የመጨረሻውን ጥቂት በእግር ሄደን፣ ዓርብ አመሻሽ ላይ ደረስን።

መንደሩን ሳይ መጀመሪያ የቆምሁት ጀፎሮው ላይ ነው። ጀፎሮ በሁለት ረድፍ በተሠሩ ጎጆ ቤቶች መካከል የተዘረጋ፣ ሣር የለበሰ፣ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ከብቱ ይግጥበታል፤ ልጆች ይጫወቱበታል፤ ለቅሶውም ሠርጉም የሚሆነው እዚያ ነው። የየቤቱ ፊት ወደ ጀፎሮው ሲሆን፣ የየቤቱ ጀርባ ደግሞ የእንሰት ጓሮ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ከበሯ ብቅ ስትል ጎረቤቶቿን ሁሉ ታያለች፤ ማን ቤት ጭስ እንደ ዘገየም ታውቃለች። ቀኑ ጾም ስለነበር የጓደኛዬ እናት የተቀቀለ አሚቾ፣ ማለትም የእንሰቱን ሥር፣ በአዋዜ አቀረቡልን። ድፎውን ተቀብለው ቅጠሉን ገለጥ አደረጉና፣ “የእኛን እንሰት ለብሶ መጥቷል” ብለው ሳቁ።

በማግስቱ የፍቂያ ቀን ነበር። አምስት ሴቶች ገና ጤዛው ሳይደርቅ ጓሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። እንሰት ለምግብ ለመድረስ እንደ አየሩ ጠባይ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈልጋል፤ ያን ያህል ዘመን የተጠበቀን ተክል ጥሎ፣ ግንዱን ልጥ በልጥ ለይቶ፣ በተጋደመ ጣውላ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ሥጋውን ከቃጫው መለየት ለአንዲት ሴት ብቻዋን የሚገፋ ሥራ አይደለም። ፋቂዋ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ከፍ አድርጋ፣ ልጡን በተረከዟ ጣውላው ላይ ትይዘዋለች፤ ሁለቱ እጆቿ ወደ ታች ይፍቃሉ። እኔም ሞክሬ ነበር፤ ሦስት ልጥ ሳልጨርስ ወገቤ ተያዘ። ሌላዋ ሥሩን በጥርሳም እንጨት ትከሰክሳለች፤ ሌላዋ ከጭማቂው ሥር የሚረጋውን ነጭ ቡላ ትለያለች። የቀረው ሁሉ በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ፣ ቦክቶ ቆጮ እስኪሆን ይጠብቃል። ወንዶቹ መሬቱን ቆፍረው፣ ችግኙን ተክለውና እያዛወሩ አሳድገውታል፤ በፍቂያው ቦታ ግን በልማዱ አይገኙም። ስለዚህ ያ ጓሮ ሴቶች የልባቸውን የሚነጋገሩበት ስፍራ ነው። የአንዷ ልጅ ከአዲስ አበባ ስልክ ካልደወለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ የሌላዋ ላም ነጥፋለች፤ ይህ ሁሉ የሚሰማው እጅ ሥራ ላይ እያለ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ነው። ከባድ ነገር ለመናገር ይህን የመሰለ ምቹ ሁኔታ አላውቅም።

ሥራው በእኛ አገር ወንፈል እንደምንለው ነው። ዛሬ እዚህ የዋለች ሴት ጓሮዋ ሲደርስ አንድ ቀን ይመለስላታል፤ ቀን በቀን እንጂ በግምት አይደለም።

ከፍቂያው መካከል አንድ ነገር አስተዋልሁ። አንዲቱ ጎረቤት የራሷን ቢላዋ ይዛ ስትገባ፣ ተክል ከመንካቷ በፊት ስለቱን እሳት ላይ አገላብጣ አጋለችው፤ ማንም አላዘዛትም፤ ማንም አልተቀየማትም። ምክንያቱ አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ነው። በሽታው በኢትዮጵያ በእንሰት ላይ መኖሩ በጥናት የተገለጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1968 ሲሆን፣ በተበከለ ቢላዋና በታመመ ችግኝ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይተላለፋል፤ የተያዘ ተክልም መድኃኒት የለውም። ችግኝ መሰጣጣትና መሣሪያ መዋዋስ የጉርብትናው አንድ አካል በሆነበት አገር፣ ያው ደግነት የጎረቤትን የሰባት ዓመት ልፋት ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ቢላዋዋን ያጋለችው ሴት ጎረቤቷን ማክበሯ ነበር፤ ያን ጊዜ የተሰማኝ ይህ ነው።

የሄድሁበትን ሁሉ የሚያህልብኝ ግን የእሑዱ ውጆ ነው። ውጆ የሴቶች የቅቤ ዕቁብ ነው። የእነዚህ ሴቶች ማኅበር ዘጠኝ አባላት ያሉት ሲሆን በየአሥራ አምስት ቀኑ ይገናኛል። እያንዳንዷ ካጠራቀመችው አንድ ጣሳ ቅቤ ታመጣለች፤ የዘጠኙም ቅቤ ለባለ ተራዋ ይሰጣል። አንዲት ላም ያላት ሴት በየዕለቱ የምታገኘው ጭብጥ የማይሞላ ቅቤ ከወጥ ወደ ወጥ እያለ ያልቃል፤ ተራዋ ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ በኮሰረትና በኮረሪማ አንጥራ ለመስቀል የምታኖረው፣ ወይም ገበያ አውጥታ በራሷ እጅ የሚገባ ገንዘብ የምታደርገው ይኖራታል። ከዘጠኙ ሦስቱ ሙስሊሞች ናቸው። ሥጋ ቢቀርብ አንድ ገበታ ላይ መቀመጥ ስለማይቻል፣ በውጆ ቀን ሁልጊዜ የሚሠራው የጎመን ክትፎ ነው፤ ጎመኑ ደቅቆ፣ አይብና ንጥር ቅቤ ገብቶበት፣ ከትኩስ ቆጮ ጋር በአንድ ሰፊ ቅጠል ላይ ይቀርባል፤ ሁሉም እጃቸውን ወደ አንድ ይሰዳሉ።

ቅቤው ሲለካ ቀረብ ብዬ ተመለከትሁ። ጣሳው አንድ ነው፤ ለዓመታት አልተለወጠም። አንዲት አረጋዊት ቅቤውን እስከ አፉ ጠቅጥቀው፣ ላዩን በቀርከሃ ስንጣሪ ይልጉታል፤ የተረፈው ላመጣችው ሴት ይመለሳል፤ የጎደለው ይሞላል። እንዲህ የሚዋደዱ ሰዎች ይህን ያህል መጠንቀቃቸው ገረመኝና፣ “እማማ፣ ፍቅር ካለ መለካቱ ለምን አስፈለገ?” ብዬ ጠየቅኋቸው።

ስንጣሪውን ጣሳው ላይ አሳረፉና፣ “ልጄ፣ ልኩ ባይኖር አንዲቱ አብዝታ ታመጣለች፤ ያነሰባት ታፍራለች። ያፈረች ሴት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ‘ቤት ጠበበኝ፣ ልጄ ታመመብኝ’ ትላለች እንጂ አትመጣም” አሉኝ።

ላሟ የነጠፈችባት ሴትም በዚያ ቀን መጥታ ነበር። ጣሳዋን የሞላላት ጎረቤቷ ናት፤ ላሚቱ ስትወልድ በዚያው ጣሳ ትመልስላታለች። የዕለቱ ባለ ተራም ተራዋን ከአሥር ቀን በፊት ለወለደች አባል ለቀቀችላት፤ ቅቤው ወደ አራሷ ቤት ሲወሰድ ግን ስንት ጣሳ እንደሆነ ጮክ ተብሎ ተቆጠረ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሂሳብ የቀረበበት ወዳጅነት ይቀዘቅዛል ብዬ አምን ነበር። በጎረቤቴና በእኔ መካከልም ሳህኑ ሙሉ ሆኖ መመለሱን ይሉኝታ ብቻ እያልሁ የማልፈው ነበር፤ አሁን ግን ያንን ሳህን በሌላ ዓይን አየዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ስንነሣ የጓደኛዬ እናት ወደ ጓሮ ወስደው ከኮሰረታቸው ሥር ያወጣ ቅርንጫፍ ነቅለው ሰጡኝ፤ በእርጥብ ኮባ ጠቀለልሁት። የበሶብላውን ዘር አጠገቡ ዘርተውት ነበር። ቡላ በሌላ ቅጠል ቋጥረው አሸከሙኝ። ድፎውን ያመጣሁበትን ሰፌድ ስፈልግ ግን ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት።

“እሱ እዚህ ይቆይ” አሉኝ። “ቅዳሜ የቀበርነው ለፋሲካ ይወጣል፤ ያን ጊዜ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ።”