የሚጠብቅህ አይተኛም

ይህን ስጽፍ እጄ አሁንም ይንቀጠቀጣል። እግዚአብሔር ይመስገን።

እኔና ባለቤቴ ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ተሳልመን፣ አንድ ቀን ወደ ኢያሪኮ የሚወርደውን ዋዲ ቀልት የሚባለውን ሸለቆ በእግር ልንወርድ ተነሣን። መድረሻችን ገደሉ ላይ የተለጠፈው የቅዱስ ጊዮርጊስ ገዳም ነበር። ነቢዩ ኤልያስን ቁራዎች የመገቡት እዚያ ነው ይባላል። የእመቤታችን አባት ኢያቄምም ልጅ አጥቶ ያለቀሰበት ዋሻ እዚያ ነው ይላሉ። እኛም በትዳር 9 ዓመት ቆይተን ልጅ አልነበረንም።

እውነቱን ልናገር። እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። ቤተ ክርስቲያን እቆማለሁ እንጂ አልጸልይም። የሄድኩትም ባለቤቴ ስለለመነኝ ነው።

ከምንጩ የሚነሣው የውኃ ቦይ ገደሉን ታኮ ይሄዳል። መንገዱም ከቦዩ ጎን ነው፤ አንዳንድ ቦታ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ዘግይተን ስለጀመርን መሸብን። ባለቤቴ ፊት ፊት ይሄድ ነበር። ጠጠር ሲንሸራተት ሰማሁ። ቀና ስል የለም።

"አለሁ!" አለ ከታች። ወጣ ያለ ድንጋይ ይዞታል፤ ከእኔ ሁለት ሰው ቁመት ያህል ዝቅ ብሎ። እግሩ ተሰብሯል። ስልካችን ኔትወርክ የለውም። "እንዳትንቀሳቀሺ፣ አንቺም ትወድቂያለሽ" አለኝ። ጋቢዬን ጣልኩለትና ጠርዙ ላይ በደረቴ ተኛሁ።

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሳላስበው ዳዊት ከአፌ ወጣ። "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" "እግርህን ለመናወጥ አይሰጠውም" የሚለው ላይ ስደርስ ግን ጮህኩ።

"ሰጠኸው እኮ! ይኸው ሰጠኸው! ልጅ ከለከልከኝ፣ አሁን ደግሞ እሱን ልትወስድብኝ ነው?"

ገደሉ ድምፄን መለሰው። ባለቤቴ ዝም አለ። ቆይቶ፣ "ጨርሺው" አለኝ።

"ምኑን?"

"መዝሙሩን።"

"የሚጠብቅህም አይተኛም" አልኩና እንባዬ መጣ። ከዚያ በኋላ 41 ጊዜ እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፣ በጣቴ እየቆጠርኩ። እኔ ስል እሱ ይቀበለኛል። ስንጨርስ እንደገና። ድምፁ ሲደክም በስሙ እጠራዋለሁ። አንድ ጊዜ አልመለሰልኝም። ጠራሁት፣ ጠራሁት። አፈር በትኜ ጣልኩበት። "አቤት" ሲለኝ የተሰማኝን ደስታ እስክሞት አልረሳውም።

ጎህ ሲቀድ ከሸለቆው የደወል ድምፅ መጣ። ወዲያው አህያ የሚነዳ አንድ በደዊን፣ የበረሃ ዘላን ዐረብ፣ ብቅ አለ።

ያን ሰው ስሙን አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሃይማኖታችንም ቋንቋችንም ሌላ ነው። ሮጦ ሰውና ገመድ አመጣ፤ ባለቤቴን ጎትተው አወጡት፤ በአህያው ጭኖ አደረሰን። ገንዘብ ስሰጠው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቢ አለ። ጌታ የደጉን ሳምራዊ ነገር የተናገረው ስለዚሁ ስለ ኢያሪኮ መንገድ አይደል? እግዚአብሔር ቤቱን ይባርክለት።

ኢያቄም ዋሻ አልደረስንም። ያን ሌሊት ሁሉ ስለ ልጅ አንዲት ቃል አልለመንኩም።

5 ወር በጄሶና በምርኩዝ አለፈ። በዓመቱ ፀነስኩ። ልጃችን በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ታቅፎ የወሰዳት አባቷ ነው። በዚያው በተሰበረው እግሩ።